በበገናው ላይ የቀረው አውታር

ውሃ ውስጥ የሰነበተ የበግ አንጀት ምን ምን እንደሚሸት የሚያውቅ ሰው ዛሬ ድሬ ዳዋ ውስጥ ስንት እንደቀረ አላውቅም። ሰው የሚወደው ሽታ አይደለም። መጀመሪያ ቅባት ቅባት ይላል፤ ሲውል ሲያድር ግን ይለዝብና እርጥብ ገመድ እርጥብ ገመድ ይሸታል። ባለፈው ጥር ቤተልሔም የምትባል ሴት በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ፣ በፕላስቲክ ሳህን የዘፈዘፈችውን አንጀት በጣቷ ስታገላብጥ ይኸው ሽታ መጣብኝ። ስንት ዓመቱ ነው፤ ቆጥሬው አላውቅም። ሻይ ልጣድ ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ቤተልሔም የዩኒቨርሲቲ መምህር ናት። ሠላሳውን ያለፈች፣ መነጽር የምታደርግ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትከልል ሴት ናት። የምታጠናው የጥንት የዜማ መሣሪያዎችን ነው። ዛሬ በገና የሚደረድረው ሰው አብዛኛው የናይለን አውታር ነው የሚጠቀመው፤ እሷ የምትፈልገው ከናይለኑ በፊት የነበረው ድምፅ ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ ነው። ለዚህ ብላ የቆየ በገና አለ በተባለበት ቤት ሁሉ እየሄደች ትለካለች፣ ፎቶ ታነሣለች፣ ሽማግሌዎችን ትጠይቃለች። አንጀት ማክረርም እየተማረች ነበርና ያችን ሳህን ይዛ ትዞራለች። እኔ ቤት የአባቴ በገና እንዳለ የነገራት የሰፈራችን ዲያቆን ነው። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አወጣሁላት። በእናቴ ነጠላ እንደተጠቀለለ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ አጋድማ ሁለት ሰዓት ያህል አየችው። አንደኛው መቃኛ ከሌሎቹ የተለየ እንጨት መሆኑን ወዲያው አወቀች፤ አባቴ የምድር ባቡር አናጺ ነበርና ከአሮጌ ፉርጎ እንጨት ነበር የቀረጸው። ከአሥሩ አውታር ዘጠኙ በዘመን ብዛት ተበጣጥሶ የለም። የቀረው አንድ ነው። እሱን በማጉያ መነጽር ተመለከተችውና ቀና አለች።

«እማማ ጽጌ፣ እስከ ዛሬ ካየኋቸው በገናዎች እንደዚህ ያለ አውታር የለም። ክሩ ከላይ እስከ ታች እኩል ነው። ማን አከረረው?»

«እኔ።»

«እርስዎ?»

«አሥረኛ ክፍል ነበርኩ።»

ደብተሯን ገለጠች። «ሽማግሌዎቹ ሁሉ የሚነግሩኝ አንድ ነገር ነው። የበገና አውታር ከበዓል በግ ነው ይላሉ፤ ከፋሲካ፣ ከገና፣ ወይ ከተዝካር። በስመ አብ ተብሎ ከታረደ በግ። ለጥናቴ አንዱ ምዕራፍ ይኸ ነው። የእርስዎንም እንዲያ ብዬ ልመዝግበው?»

«ሻይሽ ቀዘቀዘ» አልኳት።

አዎ ብል ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። የአባቴ በገና እንደ ሌሎቹ ተጽፎ፣ ከሌሎቹ ጋር ተቆጥሮ ይቀመጣል። አይደለም ብል ደግሞ አባቴ እስኪሞት በአንድ ቃል ያላነሣውን ነገር ለማላውቃት ሴት፣ በመቅጃ ማሽኗ እየተቀዳ ልናገር ነው። ነገ ተመልሰሽ ነይ አልኳት። ሳህኗን ይዛ ሄደች፤ ሽታው ግን በረንዳው ላይ ቀረ።

የዚያን ጊዜው ሰፈራችን ከዚራ የዛሬው ባጃጅ የሚተራመስበት ከዚራ አይደለም። ጠዋት ጠዋት መንገዱ ተጠርጎ ውሃ ይረጭ ነበር። ሌላው አገር የድሬዳዋ ዛፍ የሚለው ዛፍ ሲያብብ አስፋልቱ ቀይ ምንጣፍ ይመስላል፤ የጋሪ ፈረሶች አበባውን እየረገጡ ያልፋሉ። ከከዚራ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ተሻግሮ የገበያው ሰፈር መጋላ ለመድረስ ጋሪው ስሙኒ ነበር፤ ስሙኒ የሌለን ተማሪዎች በአሸዋው ላይ በእግር እንሻገራለን። ነጭ ሸራ ጫማችንን በጠመኔ አንጥተን ስለምንወጣ፣ መጋላ ስንደርስ ጫማችን የአሸዋ መልክ ይዞ ነው የምንደርሰው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከተማው ይተኛል፤ ከሙቀቱ ጋር የሚከራከር ሰው አልነበረም። አባቴ በካኪ ኮቱ፣ የነሐስ ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ የእንጨት ማጣበቂያ እየሸተተ ይመጣና ግቢ ውስጥ ጋደም ይላል። ቤታችን ይኸው ዛሬም ያለሁበት ቤት ነው። ያን ጊዜ በእኛና በጎረቤታችን መካከል አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነበር።

ጎረቤታችን ኢዶ ሐዋ ነበረች። ኢዶ ማለት በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚጠራት። መጋላ የጨርቅ ሱቅ ነበራት። ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣውን ፖፕሊን፣ ያንን ስስ ባለ አበባ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ራሷም ከዚያው ሰፍታ ነው የምትለብሰው፤ ስትራመድ ነፋስ የምትከተላት ይመስላል። ባሏ ሞቶባት ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። ቀልደኛ ነበረች። የእናቴን ቤት በር አንኳኩታ አታውቅም፤ ከአጥሩ ማዶ ሆና ነው የምትጣራው። በሑዳዴ አባቴ ከሥራ መልስ በገናውን ሲያነሣ ሬዲዮኗን ትዘጋለች። የበገናን ድምፅ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር ያለችው ቁራጭ ቆዳ ድምፁን እንደ ንብ እዝዝ ታደርገዋለች። አባቴ የዘገየ ቀን ከአጥሩ ማዶ፣ «ናያ፣ አንቺ ጽጌ፣ የአባትሽ ንብ ዛሬ እሱም ፆመኛ ነው?» ትለኛለች።

አውታር ማክረር ከልጅነቴ ጀምሮ የእኔ ሥራ ነበር። አባቴ ጣቱ ለአናጺነት የወፈረ ስለሆነ የእኔን እጅ ይመርጣል። አንጀቱ በቢላዋ ጀርባ ተፍቆ፣ በአመድ ውሃ ታጥቦ፣ ነጭ እስኪሆን ይዘፈዘፋል። ከዚያ ሦስቱን አራቱን አንድ ላይ አድርጎ፣ አንዱን ጫፍ ከምሰሶ አስሮ፣ ሌላውን በእንጨት እያዞሩ ማክረር ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ማድረቁ ነበር። «የድሬ ፀሐይ ሌባ ናት» ይለኝ ነበር አባቴ። «ላዩን ትተውልሽና ውስጡን ትሰርቅሻለች።» ስለዚህ ጥላ ላይ ተወጥሮ፣ እርጥብ ጨርቅ እየተደረገበት፣ ቀስ ብሎ ሦስት ቀን መድረቅ አለበት።

በዚያ ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ እናቴ ሞተች። ስለ እሷ እዚህ ብዙ አልጽፍም። በአርባው ለተዝካር በግ ሲታረድ አባቴ ጠራኝና፣ «አንጀቱን ለሑዳዴ አክርሪው። ዘንድሮ የምደረድረው ለእሷ ነው» አለኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ነግሮኝ አያውቅም። በደንብ ፋቅሁት፣ በደንብ አጠብሁት፣ በደንብም አከረርሁት። ሊደርቅ ሲል ግን አንዲት የክፍሌ ልጅ አዲስ ሸክላ መጥቶላቸው ነይ ብላ ላከችብኝ። አባቷ ግራሞፎን ከነቀንዱ ነበራቸው። እናቴ ከሞተች አርባ ቀን አልፎ ጥቂት ቀን ቢሆን ነው። ከሐዘን ቤት መውጣት ፈለግሁ፤ ከጥቁር ልብስ መውጣት ፈለግሁ፤ ዘፈን መስማት ፈለግሁ። ሦስት ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ጨርቅ ማርጠቡን ተውኩና አንጀቱን ስድስት ሰዓት ላይ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ወጥሬ ሄድኩ። ስመለስ ደርቆ ነበር። ሲያዩት አውታር ነው፤ ምንም አይወጣለትም። ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥሁት። የሰማሁት ዘፈን የቱ እንደነበረ ዛሬ ትዝ አይለኝም።

ሑዳዴ ሲገባ ያንን አውታር በገናው ላይ አሰርሁለት። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልሆነም። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ተበጠሰ፣ በማግስቱ ሁለቱ፤ ቅዳሜ ስድስተኛው ሲበጠስ አባቴ ጫፉን በጣቱ መሃል ሲያሸው እንደ ደረቅ ቅጠል ተፈረፈረ። ብናኙን ከእጁ አራገፈና፣ «ቀሪ አለ አይደል፣ ከእናትሽ በግ?» አለኝ። «አለ» አልኩት። ቀሪ ነበረ፤ እሱም በዚያው ጣራ ላይ የደረቀ ነበር። «እንግዲያው ሁሉንም ቀይሪልኝ» አለና በገናውን ሰጠኝ። በፆም የትኛው ክርስቲያን በግ ያርዳል? የእኛዎቹ ሥጋ ቤቶች እስከ ፋሲካ ዝግ ናቸው። በከተማው እርጥብ የበግ አንጀት ሊገኝ የሚችለው ከእስላም ቤት ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ኢዶ ሐዋ ቤት በግ ታረደ። ለልጇ ልጅ ስም ማውጫ ነበር። ከአጥሩ ሥር ቆሜ አንጀቱን እንድትሰጠኝ ጠየቅኋት።

«አንጀት? ምን ልታደርጊው? ድመት ገዛሽ?»

«ለበገናው ነው።»

ሳቋ መጣ። «ኦ አቦ፣ የኔ በግ ንብ ሊሆን ነው በይኛ። ውሰጂ፤ ከፈለግሽ ጭንቅላቱንም ጨምሪ፣ ይዘፍንልሽ።» በእንስራ ክዳን አድርጋ በአጥሩ ላይ አሳለፈችልኝ። ሌላ አልጠየቀችኝም። እኔም ለአባቴ አትንገሪው አላልኳትም። ይህንን ለምን እንዳላልሁ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። እንዲህ ብዬ ብናገር አንጀቱ ለእኛ የማይሆን መሆኑን በፊቷ መናገር ይሆንብኝ ነበር። የሰጠችኝን ተቀብዬ እንዲያ ልላት አልቻልኩም።

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አውታር አክርሬ አላውቅም። ቤቱ ጀርባ ጥላ ላይ ወጥሬ፣ ከትምህርት ቤት ቀርቼ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ጨርቅ ሳረጥብበት ቆየሁ። ቅዳሜ ለአባቴ በገናውን ሰጠሁት። ቃኘው፤ ያዘለት። አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ደረደረና ጆሮውን ወደ ቀንበሩ ዘንበል አድርጎ አደመጠ። «ከእናትሽ በግ ነው» አለ። «ያስታውቃል።» እስከ ሆሳዕና ድረስ በየቀኑ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ፣ የእናቴን የክርስትና ስም እያስገባ ደረደረ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው ይሰሙት ነበር። ከአጥሩ ማዶ ኢዶ ሐዋ ሬዲዮኗን ዘግታ ትሰማ ነበር። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ያማረ በገና ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ያህልም ያስጨነቀኝ የለም።

በፋሲካ ማግስት ኢዶ ሐዋ አንድ ቅርጫት ቴምርና ስኳር ይዛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በበራችን ገባች። እናቴ ስለሌለች ነው የመጣችው፤ በዓሉ እንዳይከብደን ብላ። አባቴ ወንበር ሰጣት። እኔ ሻይ አቀረብሁ። ሻይዋን አማስላ፣ በገናውን በአገጯ አመለከተችና፣

«ጋሽ ወልዴ፣ ያ በግ እኔ ቤት ሲጮህ ራሴን ነበር የሚያመኝ። አንተ ቤት ገብቶ ቄስ ሆነልህ» አለችው።

አባቴ ብርጭቆውን ከአፉ አወረደ። «የአንቺ በግ ነው?»

«ወላሂ፣ ጽጌ አልነገረችህም?»

ወደ እኔ አላየም። «ነግራኛለች» አላት። ፈገግ አለላት፤ ለልጅ ልጇ እደግ አለላት፤ እስከ በሩም ሸኛት። ሲመለስ እኔ ትሪውን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። አጠገቤ መጣና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ጥላ ላይ ነው ያደረቅሽው?»

«አዎ አባዬ።»

«ጥሩ ነው።»

በገናውን በእናቴ ነጠላ ጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ ጀርባ አስቀመጠው። በሚቀጥለው ሑዳዴ አላወጣውም፤ ከዚያም በኋላ አላወጣውም። ይደረድርባት በነበረችው ሰዓት ግን ከሥራ መጥቶ ያው ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፤ ሲመሽ ተነሥቶ ይገባል። አውታሮቹን አልበጠሳቸውም፣ ጣያቸው አላለኝም፣ ሌላ አክርሪ አላለኝም። ለብዙ ዓመት ያቆመው በበጉ ምክንያት ይመስለኝ ነበር። ለእግዚአብሔር የሚደረደር ነገር ከሌላ እጅ በወጣ ከብት መሆኑ ከብዶት ነው እያልኩ ራሴን አሳምን ነበር፤ እንዲያ ከሆነ ጥፋቱ የልማድ ነው፣ የእኔ ብቻ አይደለም። እያረጀሁ ስሄድ ግን ሌላው ሐሳብ እየበረታብኝ መጣ። ያን ሁሉ ቀን ለእናቴ ብሎ ሲደረድር፣ የእሷ በግ ነው ብሎ አምኖኝ፣ እኔ እያወቅሁ ወጥ ቤት ቆሜ ዝም አልኩት። የትኛው እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እሱም አልተናገረም።

ኢዶ ሐዋ ግን ጠየቀችኝ። ሁለተኛው ሑዳዴ ሲጋመስ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ በዚያ በቀልድ ድምጿ ሳይሆን በቀስታ፣ «ጽጌ፣ ንቡ የት ሄደ? በኔ በግ ምክንያት ነው እንዴ?» አለችኝ።

«አይደለም ኢዶ። ጣቱን አሞት ነው።»

በማግስቱ የመገጣጠሚያ ሕመም ያድናል የተባለ የሰሊጥ ዘይት፣ ቅመም ተፈልቶበት፣ በጠርሙስ ሆኖ መጣ። አባቴ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ጠርሙሱን አገላብጦ አየው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እሷ ግቢዋ ውስጥ መሆኗን ሲያውቅ አጥሩ አጠገብ ወንበሩን አውጥቶ፣ ምንም ያልሆኑትን ጣቶቹን እየቆጠረ በዘይቱ ያሻቸው ነበር። «ተሻለህ ጋሽ ወልዴ?» ትለዋለች። «እየተሻለኝ ነው፤ እግዜር ይስጥሽ» ይላታል። ጠርሙሱ ባለቀ ቁጥር ሌላ ትልካለች። ሦስታችንም እንዲያ ስንዋሻሽ ዓመታት አለፉ፤ ምናልባት እሷ ብቻ ነበረች የማትዋሸው።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። በምሥራቅ በኩል ጦርነት ነበር፤ ባቡሩ እየቆመ እየሄደ፣ ሱቆች እየተዘጉ፣ ሰው ሌላውን ሰው በጥርጣሬ የሚያይበት ጊዜ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ኢዶ ሐዋ ልጆቿንና ሦስት ጥቅል ጨርቅ ጭና ሄደች። ወደ ጅቡቲ ያለም ነበር፣ ወደ ጅጅጋ ያለም። እኔ ያን ጊዜ የጉምሩክ ታይፒስት ሆኜ ተቀጥሬ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ከሄደች በኋላ ነው የደረስኩት። አባቴ በአጥሩ ቀዳዳ ባዶውን ግቢ እያየ ቆሞ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ጣቱን ሲያሽ አላየሁትም። ከጥቂት ዓመት በኋላ እሱም ሞተ። አጥሩ ፈረሰ፣ በቦታው የብሎኬት ግንብ ተሠራ፤ ዛሬ ማዶው የሞባይል መሸጫ ነው።

ቤተልሔም በማግስቱ መጣች። ማሽኗን ክፈቺው አልኳትና ከጣራው ጀምሬ ነገርኳት፤ ሸክላውንም አልተውሁም። ስጨርስ ማሽኗን ዘጋች።

«የእስላም በግ ለበገና እንዳይሆን የሚከለክል ሕግ ነበረ?» አለችኝ።

«እኔ አላውቅም። አባዬም የጠየቀ አይመስለኝም።»

«ካልፈለጉ አልጽፈውም፣ እማማ። አውታሩን ብቻ ለክቼ እሄዳለሁ።»

«ጻፊው። የበዓል በግ አይደለም ብለሽ ጻፊ። በጉ የማን እንደሆነም ጻፊ።»

ለምርመራ አራት ጣት ያህል ልቁረጥ ወይ ብላ ፈቃድ ጠየቀችኝ። ሙሉውን እሰጥሻለሁ አልኳት። ቋጠሮውን እሷ ልትፈታው ሞከረች፤ አልሆነላትም። ያሰርኩት እኔ ነኝና ጥፍሬን አስገብቼ ፈታሁት። እጄ ላይ ክብደት እንኳን አልነበረውም። በወረቀት ጠቀለለችውና በላዩ ላይ እየጻፈች ድምፅ አውጥታ አነበበችልኝ፤ የበገናው ባለቤት፣ ወልደሰንበት ከነአባቱ ስም፤ አውታሩን ያከረረችው፣ ጽጌ ወልደሰንበት፤ በጉን የሰጡት፣ ሐዋ።

«የአባታቸው ስም ማን ነው?»

አላውቀውም አልኳት። ኢዶ ሐዋ ብለን ብቻ ነው የምናውቃት። ሐዋ ብላ በጎኑ ባዶ መስመር ተወች። እስኪታተም ድረስ ጊዜ አለ፣ ካገኙት ይደውሉልኝ አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ መጋላ ወርጄ የጨርቅ ሱቆቹን ጠይቄአለሁ። ባለፈው ሳምንት፣ ከጥንት ጀምሮ እዚያ ያለ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ወንበር አውጥቶ አስቀመጠኝ። ጺሙን በሂና አቅልቶታል። የሱቋን ቦታ ነገርኩት፣ የለበሰችውን ነገርኩት፣ ከአፏ ቀልድ የማይለያት ነበረች አልኩት።

«ሐዋ የማን?» አለኝ።

«እሱን ነው የምጠይቅህ።»

«እኅቴ፣ እኛ ዘንድ ሰው የሚገኘው በአባቱ፣ በአያቱ ነው። ሐዋ ብቻ ብትዪ ሐዋ መቶ ናት። አንቺ ምኗ ነሽ?»

«ጎረቤቷ።»

«ስንት ዓመት?»

«ከተወለድሁ እስክትሄድ።»

 ስልኬን በሲጋራ ካርቶን ላይ ጻፈ፤ ጅጅጋ ዘመዶች አሉኝ፣ አጠያይቃለሁ አለኝ። እስካሁን አልደወለም። ቤተልሔም ግን ትናንት ደወለች፤ ጽሑፉ ለኅትመት ሊገባ ነው፣ ባዶውን መስመር ላውጣው ወይ አለችኝ። አታውጪው፣ ባዶውን እንዳለ ይግባ አልኳት።